የአንጎል ተመራማሪዎች ደረጃ እንዴት ይወጣል?

በአሜሪካ አትላንታ ከተማ የሚገኘው ኢሞሪ ዩኒቨርሲቲ በነርቭ ሳይንስ ስመ ጥር ነው። ፕሮፌሰር ማህሎን ዴሎንግ ለብዙ ዓመታት የሠሩት እዚያ ነው። እሳቸውና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰብታላሚክ ኒውክሊየስ የምትባለው ትንሽ የአንጎል ክፍል ሥራዋን ስታቆም የፓርኪንሰን ምልክት ያለባቸው ጦጣዎች እንደሚሻላቸው አሳዩ። ግኝቱ ዛሬ አንጎል ውስጥ ኤሌክትሮድ በመትከል ለሚሰጠው ሕክምና መሠረት ሆነ፤ በ2014ም የላስከር ሽልማት አስገኘላቸው።

ሽልማት ግን የጥቂቶች ዕጣ ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ተመራማሪዎችን በተርታ ለማስቀመጥ የተለመደው መንገድ ሥራቸው በሌሎች ጥናቶች ስንት ጊዜ እንደተጠቀሰ መቁጠር ነው። ይህን በስፋት ያስጀመረው ዩጂን ጋርፊልድ በ1964 ያወጣው የሳይንስ ጥቅሶች ማውጫ ነው። የፊዚክስ ሊቁ ሆርሄ ሂርሽ ደግሞ በ2005 ኤች-ኢንዴክስ የተባለውን መለኪያ አመጣ።

ስሌቱ ቀላል ነው። የአንዲት ተመራማሪ ስድስት ጽሑፎች 50፣ 20፣ 9፣ 5፣ 4 እና 1 ጊዜ ተጠቀሱ እንበል። ቢያንስ አራት ጊዜ የተጠቀሱ ከአራት ያላነሱ ጽሑፎች አሏት፤ አምስት ጊዜና ከዚያ በላይ የተጠቀሱ አምስት ጽሑፎች ግን የሏትም። ስለዚህ ኤች-ኢንዴክሷ 4 ነው። አንድ ጽሑፍ ብቻ ኖሮት ሺህ ጊዜ የተጠቀሰለት ሰው ግን 1 ላይ ይቀራል። ቁጥሩ ከዕድሜ ጋር ይጨምራል እንጂ አይቀንስም፤ ወጣቱን ከአንጋፋው ጋር በእሱ ማወዳደር ከንቱ ነው።

ሌላው ጉዳይ ምን ዓይነት ሥራ ይጠቀሳል የሚለው ነው። በ2016 ሴማንቲክ ስኮላር የተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም የአንጎል ተመራማሪዎችን ሲደረድር እንግሊዛዊው ካርል ፍሪስተን አንደኛ ወጣ። ፍሪስተን የአንጎል ምስሎችን በስታቲስቲክስ ለመተንተን የሚያገለግል ዘዴ ያበጀ ሰው ነው፤ በዘዴው የሚሠራ ሁሉ ስሙን ይጠቅሳል። መሣሪያ የሚሠራ ሰው በጠባብ መስክ አንድ በሽታ ከሚከታተል ሐኪም ይልቅ ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል።

በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የጆን ዮአኒዲስ ቡድን ይህን ለማቃናት ስድስት መለኪያዎችን አዋሕዶ በየዘርፉ ደረጃ ያወጣል። የጽሑፉ ብቸኛ፣ የመጀመሪያ ወይም የመጨረሻ ደራሲ ሆኖ የተገኘ ሰው ይበልጥ ይታሰብለታል፤ በነርቭ ሳይንስ የላቦራቶሪው ኃላፊ ስም ብዙውን ጊዜ መጨረሻ ላይ ይሰፍራልና።

ለኢትዮጵያዊ ሌላ ጣጣ አለ፤ ስሙ። የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም በተለያየ መልክ ስለሚመዘገብ የአንድ ሰው ሥራ በዳታቤዝ ውስጥ ለሁለትና ለሦስት ሊከፈል ይችላል። በኢትዮጵያ የነርቭ ሕክምና ፈር ቀዳጅ የሆኑት ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት፣ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ጓያ በመመገብ ስለሚመጣው የእግር ሽባነት በ1990 ያሳተሙት ጥናት «ሃይማኖት ረ. ተ.» ተብሎ ይጠቀሳል፤ በዚያው ዓመት ስለ ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ገጠሮች የነርቭ በሽታዎች ያወጡት ግን «ተክለ-ሃይማኖት ረ.» በሚል ነው። ስሞቹ የአንድ ሰው መሆናቸውን አውቆ የሚያገናኛቸው ከሌለ ኤች-ኢንዴክሱ ከሚገባው ያንሳል። ለተመራማሪዎች ባለ 16 አሃዝ መለያ የሚሰጠው ኦርሲድ በ2012 ሥራ የጀመረው እንዲህ ያለውን መደበላለቅ ለማስቀረት ነው።

በኢሞሪም ሆነ በአዲስ አበባ አማካሪ ፕሮፌሰር የሚመርጥ ተማሪ ቁጥሩን ይመልከት፤ ግን በአንድ መስክ፣ በተቀራራቢ የሥራ ዘመን ካሉት ጋር ያወዳድረው። ከዚያ ብዙ የተጠቀሱትን ሦስት አራት ጽሑፎች ከፍቶ ያንብብ፤ ሌሎች የጠቀሷቸው ለመሣሪያቸው፣ ለግኝታቸው ወይስ ስህተታቸውን ለማረም እንደሆነ ያጣራ። የደረጃ ሠንጠረዡ ሦስቱንም በአንድ ዋጋ ይቆጥራቸዋል።