ሚዛኑ ላይ

የኩላሊት እጥበት ክፍል የገባ ታማሚ መጀመሪያ የሚፋጠጠው ከማሽኑ ሳይሆን ከሚዛኑ ጋር ነው። ጫማውን አውልቆ ይወጣል። ካለፈው እጥበት ወዲህ የጨመረው ኪሎ በአብዛኛው የጠጣው ፈሳሽ ስለሆነ፣ ሚዛኑ የሁለት ሦስት ቀን ገበናውን ያወጣበታል። «ስንት ጨመርክ?» ትላለች ነርሷ። ሁለት ከሆነ ደህና፤ አራት ከሆነ ልጅ የዳረ ሰው እንደ ተማሪ አንገቱን ይደፋል።

በወሎዋ ከሚሴ ለሚኖር ታማሚ ደግሞ ሙቀቱ አለ። የቦርከና ሜዳ ወበቅ ጉሮሮ በሚያደርቅበት ቀን፣ ሽንቱ የቆመ ሰው የሚፈቀድለት ፈሳሽ ሻዩም ሾርባውም ተደምሮ አንድ ሊትር ላይሞላ ይችላል። በወሎ ምድር ስኒ መመለስ ቀላል አይደለም፤ አቦሉን ቀምሶ ቶናውንና በረካውን እንዴት ይለፍ? አንዳንዱ ቡና ሲጠራ መሄዱን ራሱ ይተወዋል። በመንገድ «አፊያ ነህ?» ሲሉት «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ያልፋል። ከሰው መራቅ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ሐኪም ድባቴ ብሎ ስም ሳያወጣለት።

እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ፣ የብዙ አገር ጥናቶችን ያሰባሰበ ትንተና፣ እጥበት ላይ ካሉ ታማሚዎች 39 ከመቶ ያህሉ በመጠይቅ ሲለኩ፣ 23 ከመቶ ገደማው ደግሞ በቃለ መጠይቅ ሲመረመሩ ድባቴ እንደተገኘባቸው አሳይቷል። ድካሙ፣ እንቅልፍ ማጣቱና የምግብ ፍላጎት መዘጋቱ የኩላሊቱም የድባቴውም ምልክት ናቸውና መለየቱ ያስቸግራል። እኛ ዘንድ ሁሉም ለኩላሊቱ የሚሰጥ ይመስለኛል።

የከሚሴውን ሰው ግን ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀው ወደ እጥበቱ የሚወስደው መንገድ ነው። ደሴ 75 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አዲስ አበባ 325 ያህል ይርቃል። የተለመደው የእጥበት ልክ በሳምንት ሦስቴ፣ በየጊዜው አራት ሰዓት ያህል ቢሆንም አቅም ሲያጥር ሁለቴ ይሆናል። ሁለቴ ደሴ ደርሶ መልስ እንኳ በዓመት ከ15,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በ2013 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ አጣዬና አካባቢው በግጭት ሲታመስ የአዲስ አበባው መንገድ ተዘግቷል፤ በ2014 የሰሜኑ ጦርነት ራሱ ከሚሴ ገብቷል። «መንገድ ተዘጋ» ሲባል ነጋዴው ኪሳራውን ያሰላል፤ እጥበት ላይ ያለው ሰው ቀን መቁጠር ይጀምራል። በመቀሌው ዓይደር ሆስፒታል በጦርነቱ ጊዜ የእጥበት ቁሳቁስ ሲመናመን ታማሚዎች ሞተዋል። ይህን የሰማ ሰው ሌሊት ቢባንን፣ ፍርሃቱን ሕመም ብቻ ብሎ ማለፍ አይቻልም፤ ስሌቱ ትክክል ነው።

የገንዘቡም ጭንቀት አለ። የማኅበራዊ ጤና መድን ደንብ ቁጥር 271/2005፣ ድንገተኛ የኩላሊት መድከም ካልሆነ በቀር፣ እጥበትን ከመነጽርና ከመዋቢያ ቀዶ ሕክምና ጋር በአንድ ዝርዝር ከሽፋን ውጪ አድርጎታል። ቀሪው ልመና ነው። ሚኒባስ ላይ ባነር ይወጠራል፤ አንዱ ፎቶ ከሕመሙ በፊት፣ ሌላው አንገቱ ላይ ቱቦ ገብቶ የተነሳው። ድምፅ ማጉያው ስሙን እየጠራ ገበያውን ሲዞር፣ ትናንት ለሰው ያበድር የነበረ ሰው የት ይግባ? የኩላሊት ንቅለ ተከላውም በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2008 ዓ.ም. ሲጀመር በሕይወት ባለ የቤተሰብ ለጋሽ ነበር። ከዚያ ወዲህ ታማሚው ወንድሙን ቀና ብሎ ለማየት የሚቸገርበት ማዕድ አለ፤ ዝም ቢል ይሞታል፣ ቢናገር ኩላሊት ጠየቀ ይባላል።

ድባቴውን ግን ማቅለል ይቻላል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ የአሜሪካ ጥናት 120 የእጥበት ታማሚዎችን ለሁለት ከፍሎ፣ ግማሹን በድባቴ መድኃኒት፣ ግማሹን እጥበት ወንበሩ ላይ እንዳሉ በንግግር ሕክምና ተከታትሏል። በ12ኛው ሳምንት ለሁለቱም ወገኖች ቀለል ብሏቸዋል፤ መድኃኒቱ በትንሹ በልጧል። እኔን የሳበኝ ወንበሩ ነው። ሰውየው የትም አይሄድም፤ አራት ሰዓት እጁ ታስሮ ተቀምጧል። የሚያወጋው ሰው ይዞ መምጣት ብቻ ነው የቀረው።

ወሎ ለዚህ እንግዳ አይደለም። ወዳጃ በሚባለው መሰባሰቢያ ላይ ቡናና ጫት ቀርቦ፣ ዱአ እየተደረገ፣ የጨነቀው ሰው ጭንቁን ያወጣል፤ የተቀመጠው ሁሉ «አሚን» ይለዋል። እጥበት ክፍሉ ውስጥ ግን ሰውየው አራት ሰዓቱን ጣራ ጣራ ሲያይ ቆይቶ፣ ክንዱ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ የከሚሴ መኪና እንዳያመልጠው እየቸኮለ እንደገና ሚዛኑ ላይ ይወጣል። የሚጠየቀው ስለ ውሃው ነው።