ነገሩን ሳያነቡ አካሄዱን ስለ መቍጠር

በዛሬው ዘመን ሰው ከሰው ጋራ የሚነጋገርበት ማኅበራዊ የመገናኛ መረብ እጅግ ስለ ሰፋ፥ አንድ ሰው በእጁ ስልክ የጻፈው ነገር ፀሐይ ሳትጠልቅ ከባሕር ማዶ ይሰማል። የሚጻፈውም ሁሉ መልካም አይደለምና ክፉውን ከደጉ የሚለይ ጠባቂ እንዲያስፈልግ የሚክድ የለም። ጭንቁ የጠባቂዎቹ ቍጥር ከሚጻፈው ብዛት ጋራ ከቶ የማይመጣጠን መሆኑ ነው። ስለዚህ ጽሑፉን አንድ በአንድ ከማንበብ አስቀድሞ የላኪውንና የተቀባዩን አካሄድ በቍጥር መመርመር፥ ይኸውም በምን ያህል ፍጥነትና ለስንት ሰው እንደ ላከ፥ ስንት ሰውም አቤት እንዳለበት ማወቅ፥ እንደ አንድ ብልሃት ተያዘ።

ለዚህ ብልሃት ዋትስአፕ የተባለው መገናኛ ዋና ምሳሌ ሊሆን ይችላል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ (ለብቻው ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) በዋትስአፕ የሚላከው መልእክት ከላኪውና ከተቀባዩ በቀር ኵባንያው ራሱ እንኳ እንዳያነበው ሆኖ ተቈልፏል። የታሸገ ደብዳቤ የሚያመላልስ ፖስተኛ በውስጡ ያለውን ክፉና ደግ አያውቅም፤ ማን ስንት ደብዳቤ በስንት ሰዓት እንዳመጣ ግን ያያል። ኵባንያው በ2019 ዓ.ም. እንዳስታወቀው፥ ከተመዘገበ አምስት ደቂቃ ብቻ የሆነው ሰው በ15 ሴኮንድ ውስጥ 100 መልእክት ለመስደድ ቢሞክር፥ ሰላምታ ለማቅረብ የመጣ እንዳልሆነ ቃሉን ሳያነቡ ይታወቃል። ደግሞም ሰው መልእክት ሲጽፍ «እየጻፈ ነው» የሚል ምልክት በተቀባዩ ስልክ ላይ ይታያል፤ ምልክቱ ሳይታይ መልእክት ብቻ እየተከታተለ ቢመጣ፥ የሚጽፈው የሰው ጣት ሳይሆን መኪና እንደ ሆነ ይጠረጠራል። በዚያን ጊዜ በየወሩ ከ2 ሚሊዮን የሚበልጥ መዝገብ ይዘጋ ነበር፤ ከመቶው ከ75 የሚበልጠውም በቅርብ ጊዜ የማንም አቤቱታ ሳይቀርብበት የተዘጋ ነበረ።

ነገሩ የሰው ሕይወት የሚያስከፍል መሆኑ የታወቀው በሕንድ አገር ነው። በ2018 ዓ.ም. ሕፃናት የሚሰርቁ ሰዎች መጡ የሚል የሐሰት ወሬ በዚሁ መገናኛ ከስልክ ወደ ስልክ ተላልፎ፥ በደል የሌለባቸው መንገደኞች በሕዝብ እጅ ተደብድበው ሞቱ። እንዲህ ያለውን ወሬ ለጎረቤቱ የሚያደርስ ሰው ክፉ አስቦ ሳይሆን ለልጁ ፈርቶ ሊሆን ይችላልና፥ ላኪውን ሁሉ እንደ ወንጀለኛ ቢቈጥሩት ዳኝነት አይሆንም። ኵባንያውም ወሬው እውነት ነው ወይስ ሐሰት ብሎ አልፈረደም፤ ርምጃውን ብቻ አዘገየው። በዚያው ዓመት በሕንድ፥ በ2019 ዓ.ም. መጀመሪያም በዓለም ሁሉ፥ አንድ መልእክት በአንድ ጊዜ ከአምስት ቦታ በላይ እንዳይተላለፍ ከለከለ። በ2020 ዓ.ም. ሚያዝያ ደግሞ አምስት ጊዜና ከዚያም በላይ እየተቀባበለ የመጣው መልእክት በአንድ ጊዜ ለአንድ ቦታ ብቻ እንዲተላለፍ ሲያደርግ፥ የእንዲህ ያለው መልእክት ብዛት ከመቶ 70 ያህል መቀነሱን ተናገረ።

እንዲህ ያለው ጥበቃ ለኢትዮጵያ በብዙ ይጠቅማል። ኮምፒዩተር በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ስድብ ለመለየት ብዙ የተማረ ሲሆን፥ የዐማርኛን ሰምና ወርቅ፥ የትግርኛንና የኦሮምኛን ምሳሌያዊ አነጋገር ለመለየት ገና ደካማ ነው። ፌስቡክን ትተው የወጡት ወይዘሮ ፍራንሲስ ሃውገን በ2021 ዓ.ም. ጥቅምት በአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ፊት ሲመሰክሩ፥ ኢትዮጵያን በስም ጠርተው አደጋውን ገልጸዋል። ማንበብ የማይችለውን ቋንቋ ግን ኮምፒዩተር አካሄዱን ለመቍጠር አይቸገርም፤ ፍጥነት በሁሉ ቋንቋ አንድ ነውና።

ሆኖም ይኸው ቍጥር ለጥፋትም አገልግሏል። ፌስቡክ ከ2017 ዓ.ም. ጀምሮ አንባቢ በቍጣ ምልክት የመለሰለትን ጽሑፍ፥ ወደድሁት ከተባለው በአምስት እጥፍ አብልጦ ይመዝነው ነበር፤ የሚያስቈጣውም ጽሑፍ ወደ ብዙ ዐይን ቀረበ። የቍጣው ሚዛን ወደ ባዶ የወረደው በ2020 ዓ.ም. ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ የሰው ቍጣ እንደ ንግድ ዕቃ ተቈጠረ ማለት ነው።

አቤቱታን መቍጠርም የራሱ ወጥመድ አለው። የአፈርሳታን ሥርዓት የሚያውቅ ሁሉ እንደሚረዳው፥ የአገር ሰው ተሰብስቦ አውጣ ሲባል ሌባ ይገኝበታል፤ ጠላት የበዛበት ምስኪንም ሊጠቈምበት ይችላል። በመገናኛ መረብም አንድ ወገን ተማክሮ በአንድ ሌሊት በሺህ የሚቈጠር አቤቱታ ቢያቀርብ እውነተኛውን ጸሓፊ ሊያስዘጋ ይችላል። ስለዚህ ከሳሹ ራሱ እንዲመዘን ተደረገ። ዋሽንግተን ፖስት የተባለው ጋዜጣ በ2018 ዓ.ም. እንደ ገለጸው፥ ፌስቡክ ሐሰት ነው እያሉ የሚጠቍሙትን ሰዎች ያለፈ ጥቈማቸው እውነት ሆኖ መገኘት አለመገኘቱን እያየ መመዘን ጀምሮ ነበር። ትዊተርም በ2021 ዓ.ም. በአሜሪካ በጀመረው ሥርዓት፥ በአንድ ጽሑፍ ግርጌ የሚጨመር የእርማት ማስታወሻ ለሕዝብ የሚታየው፥ ቀድሞ በአስተያየት ሲለያዩ የኖሩ ሰዎች ጠቃሚ ነው ብለው ሲስማሙበት ነው። የአንድ ወገን ጩኸት ብቻውን፥ ቢበዛም፥ አያስወጣውም። ከቍጥር ብልሃቶች ሁሉ ለዳኝነት የሚቀርበው ይህ ነው፤ ባይሆን ተቃዋሚዎች እስኪስማሙ ወሬው አገር ያዳርሳል።

በኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቈጣጠር) የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቍጥር 1185 እርሱም ይቈጥራል፤ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው መዝገብ የተፈጸመው ጥፋት ቅጣቱ ይከብዳል። የሕንዱ ወሬ ግን ተከታይ የሚባል ነገር በሌለበት፥ ከዘመድ ወደ ዘመድ በሚሄድ መንገድ ተጓዘ። ይኸው አዋጅ የመገናኛው ባለቤት ጥቈማ በደረሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ክፉውን ጽሑፍ እንዲያነሣ ያዛል። በዚያ ሰዓት ውስጥ ቍጥር ሊሠራው የሚችለው፥ ከብዙው አቤቱታ መካከል እጅግ የሚሮጠውን መርጦ፥ ቋንቋውንና አገሩን በሚያውቅ አንባቢ ፊት አስቀድሞ ማኖር ነው። አንባቢው ካልተቀጠረ ግን የተመረጠው ጽሑፍ በጠረጴዛው ላይ እንዳለ 24ቱ ሰዓት ያልፋል።