እርሾውና የማኅፀን በር

ወር በገባ በ5ኛው ቀን፣ በመካኒሳ አቦ ከአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴው አብቅቶ፣ ነጠላቸውን የተከናነቡ እናቶች ጠበላቸውን ጠጥተው ወደየቤታቸው በሚመለሱበት ሰዓት፣ እኔም ጎረቤቴን እማማን ተከትዬ ከጓዳቸው ገባሁ። የማቡኪያው ክዳን ሲነሣ፣ ከሦስት ቀን በፊት የተቦካው የጤፍ ሊጥ ወደ ታች ረግቶ፣ ከላዩ ቢጫ ውሃ ተንጣሎበት፣ ጥቃቅን አረፋ በዳር በዳሩ እየፈነዳ፣ ቆምጠጥ ያለው ሽታው ጓዳውን ሞልቶት ነበር። እማማ ውሃውን በጭልፋ ቀስ እያሉ ቀዱና ከፊሉን ደፍተው፣ ከፊሉን በጣሳ ከድነው አስቀመጡት።

«እማማ፣ ይኼንንስ ለምን አይደፉትም?» ብላቸው፣

«ልጄ፣ እርሾ ተደፍቶ ሊጡ በምን ሊቦካ ነው? እርሾ የሌለው ሊጥ እኮ ሌላ ነገር ይገባበትና ይበላሻል» አሉኝ።

እኒህ እናት ስለ ሊጥ የተናገሩት ቃል፣ የዘመናችን ሊቃውንት ስለ ሴት ልጅ ገላ ብዙ ደክመው ከደረሱበት ነገር ጋር እጅግ ስለሚቀራረብ፣ የማኅፀን በር ካንሰርን በመከላከል ረገድ ትልቅ ድርሻ እንዳላቸው እየታወቀ የመጣውን ረቂቃን ተሕዋስያን ለአንባቢ ለማስተዋወቅ ከዚህ ማቡኪያ መነሣትን መረጥሁ።

የሰው ሥጋ ለብቻው የሚኖር አይደለም። በቆዳው፣ በአፉ፣ በአንጀቱ፣ በሴትም ዘንድ በብልቷና በማኅፀኗ በር ዙሪያ፣ በዐይነ ሥጋ የማይታዩ ፍጥረታት እየተባዙ፣ እየተፎካከሩና እየተደጋገፉ ይኖራሉ፤ ይህ ማኅበር ከነምግቡና ከነሥራው ማይክሮባዮም ይባላል። በሴት ብልት ውስጥ የሚገኘውን ዘንግ መሰል ባክቴሪያ በ1892 እ.ኤ.አ. የገለጸው አልበርት ደደርላይን የተባለ ጀርመናዊ የማኅፀን ሐኪም ሲሆን፣ ያ ወገን ዛሬ ላክቶባሲለስ በሚለው ስሙ ይታወቃል። አንዲት ልጅ ለአካለ መጠን ከደረሰችበት ጊዜ አንሥቶ፣ ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን የብልቷን ግድግዳ ግላይኮጅን በሚባል ስንቅ ይሞላዋል፤ ሕዋሳቱ አርጅተው ሲረግፉ ስንቁ ይፈታል፤ ላክቶባሲለስም ከዚያ እየተመገበ፣ እርጎን የሚያኮመጥጠውን ያንኑ ላክቲክ አሲድ ያወጣል። በዚህም የስፍራው ፒኤች ከ4.5 በታች ይወርዳል፤ ጎጂ ተሕዋስያንም በእንዲህ ያለ ኮምጣጣ ስፍራ መርባት ይሳናቸዋል። በቤተ ክርስቲያን የደጁን መከፈትና መዘጋት የሚጠብቀው አገልጋይ ዐጻዌ ኆኅት እንደሚባል፣ ይህን ባክቴሪያ የማኅፀን ዐጻዌ ኆኅት ብለው ከእውነቱ የራቅሁ አይመስለኝም።

በዚህ በር ሊገቡ ከሚሹት ሁሉ የከፋው ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ፣ ባጭሩ ኤች ፒ ቪ፣ ይባላል። ሃራልድ ሱር ሃውዘን የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር ቁጥር 16 የተሰኘውን ዐይነት በ1983፣ ቁጥር 18ን በ1984 ከማኅፀን በር ካንሰር ውስጥ ለይቶ በማውጣቱ፣ በ2008 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል፤ ከዓለሙ የማኅፀን በር ካንሰር 70 በመቶ ያህሉ የእነዚህ የሁለቱ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ቫይረሱ በግብረ ሥጋ የሚተላለፍና አብዛኛው ሰው በዕድሜው አንድ ጊዜ የሚያገኘው በመሆኑ፣ ተይዞ መገኘት ነውርም፣ የሞት ፍርድም አይደለም፤ ከተያዙት ሴቶች የአብዛኛዎቹ ሰውነት በአንድና በሁለት ዓመት ውስጥ ያስወግደዋል። ጉዳቱ የሚመጣው ቫይረሱ ሳይወጣ ተደላድሎ ሲቀመጥ ነው፤ ያን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት በሚደርስ ዝግተኛ ጉዞ ሕዋሱን ወደ ካንሰር ሊለውጠው ይችላል።

እንግዲህ አንዲቱ ሴት የምታስወግደው፣ ሌላዪቱ ግን ተሸክማው የምትኖረው ስለ ምንድን ነው? ትምባሆ አለ፤ የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክም ደዌ አለ፤ ከኤች አይ ቪ ጋር የሚኖሩ ሴቶች በዚህ ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎቹ 6 እጥፍ ያህል ነው። ከዚሁ ጋር የማይክሮባዮሙ ጠባይ ይቆጠራል። በተለይ ላክቶባሲለስ ክሪስፓተስ የተባለው ዐይነት በበዛበት ስፍራ ቫይረሱ እምብዛም አይቆይም፤ ላክቶባሲለስ ተመናምኖ እንደ ጋርድኔሬላና እንደ ስኒቲያ ያሉት የነገሡ እንደ ሆነ ግን፣ አሲዱ ይቀንሳል፣ የማኅፀንን በር የሚሸፍነው ዝልግልግ ፈሳሽ ይሟሟል፣ የማያቋርጥ ብግነትም ይነሣል፤ በእንዲህ ዐይነቱ ስፍራ ቫይረሱ ጸንቶ ሲቀመጥ በብዙ ጥናት ታይቷል። የካንሰሩ አባት ግን ቫይረሱ ነው፤ ባክቴሪያው መንገዱን ያጠብባል ወይም ያሰፋል እንጂ በራሱ ካንሰር አይወልድም።

ይህ ምርምር በባሕር ማዶ ብቻ የቀረ አይደለም። ከመካኒሳ ብዙም በማይርቀው በዘነበወርቅ፣ በአለርት ሆስፒታል ግቢ፣ የአርማወር ሐንሰን ምርምር ተቋም አለ፤ በ1970 እ.ኤ.አ. ሲመሠረት ዓላማው የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ መመርመር ነበር፤ ስሙንም ያገኘው ያንን ባክቴሪያ በ1873 ካገኘው ኖርዌያዊ ሐኪም ነው። የዚህ ተቋምና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች የተሳተፉበት፣ በ2023 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ካንሰር የያዛቸውን፣ የቅድመ ካንሰር ምልክት የታየባቸውንና ጤነኞቹን ኢትዮጵያውያት ማይክሮባዮም አነጻጽሮ፣ በካንሰር ሕሙማቱ ዘንድ የባክቴሪያው ዐይነት ከሌሎቹ ይልቅ የበዛና የተደበላለቀ ሆኖ አግኝቶታል። ስለ አጥፊው ባክቴሪያ የተተከለ ቤት ስለ ጠባቂው መመርመሩ ልቤን ደስ አሰኝቶታል፤ በዚህች አገር በ2020 ግምት በዓመት ከ7 ሺህ በላይ ሴቶች በዚህ ደዌ ሲያዙ፣ ከ5 ሺህ በላይ ይሞታሉና።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያሻል። በአንጀት ውስጥ የባክቴሪያ ኅብር መብዛቱ የጤና ምልክት ሲሆን፣ በማኅፀን በር ግን የአንዱ የላክቶባሲለስ መንገሥ ነው የሚመረጠው። ነገር ግን ከአፍሪካውያት ሴቶች ብዙዎቹ ላክቶባሲለስ ሳይበዛባቸው በጤና ይኖራሉና፣ በሌላ አገር ሴቶች ላይ የወጣን መለኪያ አንሥቶ እኅቶቻችንን ሁሉ ሕሙማን ማለት ስሕተት ነው።

እማማ ይህን ሁሉ ሰምተው፣ «ታዲያ እርጎ ብናበዛላቸው አይበቃም?» ብለው ጠየቁኝ። የእርጎውና የሊጡ ባክቴሪያ ለማኅፀኑ ጠባቂ ዘመዱ እንጂ ራሱ አለመሆኑን፣ ጠጥቶ መጥገብ መልካም ቢሆንም ካንሰርን እንደሚከላከል ያልተረጋገጠ መሆኑን፣ ወደ ብልት ማስገባት ደግሞ ፈጽሞ እንደማይገባ ነገርኳቸው። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ንጽሕና እየመሰላቸው ውስጣቸውን በሳሙናና በመድኃኒት የሚያጥቡ እኅቶች ነገር ነው፤ ስፍራው ራሱን በራሱ የሚያጸዳ ሆኖ ሳለ፣ ያ መታጠብ ጠባቂውን ጠርጎ ይደፋዋል። በውጭ በኩል በንጹሕ ውሃ መታጠብ ይበቃል። ላክቶባሲለስ ክሪስፓተስን በመድኃኒት መልክ አዘጋጅቶ መስጠትም ተሞክሯል፤ በ2020 በአሜሪካ በወጣ ጥናት፣ የባክቴሪያ መዛባት ታክሞ የተመለሰባቸው ሴቶች መድኃኒቱን ካገኙት 30 በመቶ፣ ካላገኙት 45 በመቶ ነበሩ። ተስፋ ሰጪ ነው፤ ነገር ግን ካንሰርን ለመከላከል የተፈቀደ መድኃኒት ገና አይደለም።

ስለዚህ ዛሬ በእጃችን ያለው ጽኑ ጋሻ ክትባትና ምርመራ ነው። የኤች ፒ ቪ ክትባት በአገራችን በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ሲጀምር ሁለት መርፌ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉት በአንድ መርፌ ተዳርሷል። ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 49 ለሆኑት ደግሞ ምርመራ አለ፤ ከኤች አይ ቪ ጋር የሚኖሩት ግን ይህን ዕድሜ ሳይጠብቁ መመርመር ይገባቸዋል።

በተከታዩ ማክሰኞ ከእማማ ልጅ ጋር ወደ ጤና ጣቢያ ሄድሁ። ነርሷ ከ3 እስከ 5 በመቶ ባለው አሴቲክ አሲድ የራሰ ጥጥ በማኅፀኗ በር ላይ አሳርፋ፣ አንድ ደቂቃ ያህል ጠብቃ፣ መብራቱን አቅርባ ተመለከተች፤ የታመመ ሕዋስ ቢኖር ነጭ ሆኖ ይወጣ ነበር፤ ያን ጊዜም በብርድ ወይም በሙቀት አክሞ ማጥፋት ይቻላል። ነጭ አልወጣም። ወደ ጓዳው እንደ ተመለስን እማማ አቁመው፣

«በምን አዩሽ?» አሏት።

«በኮምጣጤ፣ እማዬ።»

«በኮምጣጤ!» አሉና፣ ጥቂት ዝም ብለው ቆይተው፣ የእርሾውን ጣሳ ክዳን በእጃቸው ጫን አደረጉት።