ተባይ በተከፈተ በር ይገባል

መቀሌ አጠገብ ያለው ቃላሚኖ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚመጣለት ልዩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ነው። እኔ እዚያው ሰፈር ችግኝ አፍልቼ እሸጣለሁ፤ ከሁሉም በላይ የሚሸጥልኝ ቀይ ባህር ዛፍ ነው። ክረምት ሊገባ ሲል ገዢዎች ይመጡና ቁመቱን አይተው ዋጋ ይጠይቃሉ። ቅጠሉን ገልብጦ የሚያይ ግን ጥቂት ነው። በቅጠሉ መሐል ጅማት፣ በቅጠሉ እግርና በለጋው ቀንበጥ ላይ ትናንሽ እብጠቶች ካሉ ያንን ችግኝ ከማንም አትግዙ፤ ከእኔም ቢሆን።

እብጠቱን የምታመጣው ርዝመቷ ከአንድ ሚሊ ሜትር እምብዛም የማያልፍ ጥቁር ተርብ ናት። ሳይንሳዊ ስሟ ሌፕቶሳይቤ ኢንቫሳ ነው። እንቁላሏን ለጋው አካል ውስጥ ትጥላለች፤ ተክሉ በእንቁላሉ ዙሪያ ያብጣል፤ እጩ እዚያው እየበላ አድጎ ክብ ቀዳዳ በስቶ ይወጣል። ትልቅ ዛፍ ሊቋቋመው ይችላል፤ ችግኝ ግን ይጠማዘዛል፣ ይቀነጭራል። የከፋው ነገር ሴቶቹ ያለ ወንድ መራባታቸው ነው። በአንድ ላስቲክ ችግኝ ወደ አዲስ ወረዳ የተሻገረች አንዲት ተርብ ዘር ለመተካት ሌላ አያስፈልጋትም።

አገሯ፣ እንደ ባህር ዛፉ፣ አውስትራሊያ ነው። ባህር ዛፍ በአፄ ምኒልክ ዘመን ሲገባ ቅጠሉን የሚያጠቁት ነፍሳት እዚያው አገራቸው ቀርተው ነበር። መቶ ዓመት ያህል ጠላት የሌለው ዛፍ የመሰለን ለዚህ ነው። ተርቧ እ.ኤ.አ. በ2000 ገደማ በሜዲትራኒያን አካባቢ ታየች፤ ሳይንቲስቶች በ2004 ስም ሲያወጡላት ምሥራቅ አፍሪካ ደርሳ ነበር። በአውስትራሊያ እሷን እያደኑ ቁጥሯን የሚይዙ ሌሎች ጥቃቅን ተርቦች አሉ። እኛ ዘንድ ስትመጣ ግን ያገኘችው ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ዛፍ የተተከለበት ማሳ ነው።

«ታዲያ ለምን ማላታይን አትረጭም?» የሚሉኝ አሉ። እጩ ያለው እብጠቱ ውስጥ ነው፤ ከላይ የተረጨ አያገኘውም። የረዘመ ዛፍ ጫፍ ላይማ በጀርባ በሚታዘል መርጫ ማን ይደርሳል? ከሁሉ በላይ ደግሞ መድኃኒቱ ተባዩን የሚበሉትን ነፍሳት ቀድሞ ይፈጃል።

የተሻለውን መንገድ የፈረንጅ ጥድ አሳይቶናል። የጥድ ክሽክሽ እ.ኤ.አ. በ1986 ማላዊ፣ በ1990 ኬንያ ታይቶ ጥዱን ማድረቅ ጀመረ፤ በኋላ ኢትዮጵያም ደረሰ። ተመራማሪዎች ክሽክሹን በተፈጥሮ የምታድን ፓዌዥያ የተባለች ተርብ ከአውሮፓ አምጥተው፣ ሌላ ነፍሳት እንደማትነካ ፈትነው፣ እ.ኤ.አ. በ1994 ማላዊ ውስጥ ለቀቋት። ተርቧ እንቁላሏን ክሽክሹ ሰውነት ውስጥ ትጥላለች፤ እጩ ከውስጥ ይጨርሰዋል። ክሽክሹ አልጠፋም፤ ጉዳቱ ግን ቀነሰ። የደን ተባይ አያያዝ ግቡም ይኸው ነው፤ ተባዩን ዛፉ ሊሸከመው ወደሚችለው ቁጥር ማውረድ።

ተባይን አውቀን ያስገባንበት ጊዜም አለ። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ኮቺኒል የተባለው የአሜሪካ አህጉር ነፍሳት ለቀይ ቀለም ምርት ተብሎ ወደ ደቡብ ትግራይ፣ ወደ ራያ መጣ። ሴቷ የበለስ ቁልቋሉን ቅጠል እየመጠጠች በነጭ ሰም ተሸፍና ትቀመጣለች፤ ስትጨፈለቅ ደም የመሰለ ቀለም ትሰጣለች። ምግብና ከንፈር የሚያቀላው ካርሚን የሚገኘው ከእሷ ነው። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ነገር ግን ጫጩቶቹን ነፋስ ይወስዳቸዋል፤ በለስ ደግሞ በራያ አጥርም ነው፣ የድርቅ ጊዜ የከብት መኖም ነው፣ የክረምት ምግብም ነው። ነፍሳቱ ከታሰበለት ቦታ ወጥቶ የገበሬውን በለስ ማድረቅ ጀመረ።

በመኾኒ በኩል ያገኘኋቸው አንዲት እናት «ወደይ (ልጄ)፣ ምን ልርጭበት?» አሉኝ። አደይ (እናቴ)፣ ገና ሲጀምር ነጭ የያዘውን ቅጠል ቆርጠው ይቅበሩት፤ ከዚያ ማሳ ለተከላ የሚሆን ቅጠል ለዘመድም ቢሆን አይስጡ አልኳቸው። ሲበዛ ግን የአንድ ቤተሰብ ጉልበት አይበቃም። በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል የኮቺኒል ዘመድ በለሱን ሲያጠፋባቸው ገበሬዎቹ ያገገሙት የሚቋቋም ዝርያ በመትከል ነው፤ ለራያም የሚያዛልቀው ይህ ይመስለኛል። የሚገርመው፣ አውስትራሊያ በለስ ራሱ መሬቱን ወርሮባት ስለነበር እ.ኤ.አ. በ1926 በለስ የሚበላ የእሳት ራት ለቅቃ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሰፊ መሬት አስለቅቃበታለች። ለአንዱ ተባይ የሆነ ለሌላው አዳኝ ነው፤ ጥያቄው ማን፣ የት፣ በምን ጥንቃቄ ለቀቀው የሚል ነው።

ከውጭ ያልመጣ ተባይስ? የአበርገሌን የዕጣን ዛፍ እንይ። ግንዱን የሚፈለፍለው ረጅም አንቴና ያለው ጥንዚዛ የአገሩ ነው። የዕጣን ሙጫ ግን ዛፉ ቁስሉን የሚደፍንበት መከላከያው ነው። በየዓመቱ ሳያሳርፉ ቢያደሙት ለጥንዚዛው የተዳከመ ዛፍ ማቅረብ ይሆናል። ከብት ቡቃያውን ስለሚግጠውና እሳት ስለሚፈጀው በብዙ የዕጣን ደኖች ለአሥርተ ዓመታት ወጣት ዛፍ አልወጣም፤ የሞተውን የሚተካ የለም። እዚህ ላይ ተባዩን ለመያዝ የሚያስፈልገው ማድሚያውን አስቀምጦ ዛፉን ለጥቂት ዓመታት ማሳረፍና ቡቃያውን ማጠር ነው።

በባህር ዛፉ፣ በበለሱና በዕጣን ዛፉ ላይ ነፍሳቱ የገባው ሰው በከፈተው በር ነው፦ አንዱ ባልተመረመረ ችግኝ፣ አንዱ ባልታሰበበት ንግድ፣ አንዱ ዕረፍት በነሳነው ዛፍ። በትግራይ ጦርነት ዓመታት መብራት ሲቋረጥ መቀሌ በእንጨት ነው ያበሰለችው፤ አሁን ሁሉም ቶሎ የሚያድግ ዛፍ ይፈልጋል። ጥድፊያው ይገባኛል፤ ገቢዬም እሱ ነው። ቢሆንም ባህር ዛፍ ለሚገዛኝ ሁሉ ግራርና ወይራ ቀላቅሎ እንዲተክል እነግረዋለሁ፤ አንዱን ተባይ ቢመታው ሌላው ይቆማል። ያበጠ ችግኝ ሳገኝም እቀብረዋለሁ። ኪሳራው የአንድ ወቅት ነው፤ የሸጥኩት እንደሆነ ግን ተርቧ የገዢው ማሳ ላይ ትከርማለች።