ዋንዛ በቤተ ክርስቲያን ቅጽርና በጓሮ፦ አተካከሉና አያያዙ

ክረምቱ አልፎ ዋንዛ ነጭ አበባውን ሲያፈካ ዛፉ በንቦች ይሞላል። ጥላው ለምእመናን ማረፊያ፣ ጣፋጭ ፍሬው ለሕፃናትና ለአዕዋፍ ምግብ፣ እንጨቱም ለከበሮ፣ ለበርና ለመስኮት ይሆናል። ይሁን እንጂ በብዙ አጥቢያዎች የምናየው አሮጌውን ዛፍ እንጂ ተተኪውን አይደለም። ከሥሩ የበቀለውን ቡቃያ ከብት ይግጠዋል፤ ወይም ግቢው ለንግሥ በዓል ሲጸዳ አብሮ ይታጨዳል። አሮጌው ሲወድቅ ቦታው ባዶ እንዳይቀር ተተኪውን ዛሬ መትከል ይገባናል።

ዘሩ፦ ፍሬው ቢጫ ሆኖ ሲበስል ጤናማና ግንዱ ቀጥ ካለ ዛፍ ይሰብሰብ። ሥጋው የሚያጣብቅ ስለ ሆነ በውኃ ዘፍዝፎ፣ አሽቶና አጥቦ ዘሩን ማድረቅ ያስፈልጋል። ቡቃያው ለመውጣት ሳምንታት ይፈጅበታል፤ በአንድ ጊዜም አይወጣም። ስለዚህ ተስፋ ቆርጦ መደቡን መገልበጥ አይገባም።

አተካከሉ፦ ጉድጓዱ ከክረምት አስቀድሞ ይቆፈር። ችግኙ መሬቱ በዝናብ ከራሰ በኋላ፣ በሰኔ መጨረሻ ወይም በሐምሌ ይተከል። ፕላስቲኩ አፈሩ ሳይፈርስ ይውለቅ። ግንዱና ሥሩ የሚገናኙበት ቦታ ከመሬቱ ወለል ጋር እኩል ይሁን፤ ጠልቆ ከተቀበረ ግንዱ ሊበሰብስ ይችላል። ቅርንጫፉ ሰፊ ስለ ሆነ ከሕንፃ ቢያንስ 8 ሜትር ይራቅ።

አያያዙ፦ በመጀመሪያዎቹ ሁለት በጋዎች ውኃ አይለየው። በዙሪያው ደረቅ ሣር ይጎዝጎዝ፤ ጉዝጓዙ ግን ግንዱን አይንካ። ከብትና ፍየል እንዳይደርሱበት በእሾህ ይታጠር። ግንዱ ቀጥ እንዲል የታችኞቹ ቅርንጫፎች በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ይገረዙ። ዋንዛ በበጋ ቅጠሉን ሊያረግፍ ስለሚችል ደርቋል ተብሎ አይነቀል፤ ቅርፊቱ በጥፍር ሲፋቅ ውስጡ አረንጓዴ ከሆነ ሕያው ነው።

በመጨረሻም የሰበካ ጉባኤያት ለተተከሉት ችግኞች ተንከባካቢ እንዲመድቡ፣ በየዓመቱም በግንቦት ወር የጸደቁትን ቆጥረው በመዝገብ እንዲያሰፍሩ እናሳስባለን። ካህናት አባቶችም ምእመናን በየጓሯቸው እንዲተክሉ ቢመክሩ ሥራው ከቅጽሩ አልፎ ይሰፋል። 20 ችግኝ ተክሎ ሁሉንም ማጽደቅ 500 ተክሎ ከመርሳት ይበልጣልና።