በድራማ የገባ፣ በአኮርዲዮን የወጣ

ራፋኤል ኤስካሎና አኮርዲዮን መጫወት አይችልም ነበር። ሌላም መሣሪያ አይነካም። ዜማ ሲመጣለት ያፏጨዋል፤ አኮርዲዮን የሚችሉት ወዳጆቹ ከፉጨቱ ይቀበሉታል፤ ከዚያ ዘፈኑ በእግሩ ቆሞ ከመንደር መንደር ይዞራል። እንዲህ እያፏጨ የሰሜን ኮሎምቢያን ሰው ስምና ሐሜት፣ ፍቅርና ጠብ በዜማ መዝግቦ አስቀረ። ደራሲው ጋብሪኤል ጋርሲያ ማርኬዝ ወዳጁ ስለነበር «የመቶ ዓመት ብቸኝነት» ውስጥ ስሙን እንኳ ሳይቀይር አስገብቶታል።

በ1991 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የኮሎምቢያ ቴሌቪዥን የዚህን ሰው ሕይወት «ኤስካሎና» በሚል ርዕስ ተከታታይ ድራማ አድርጎ አቀረበው። ባለታሪኩ ገና በሕይወት ነበር። እሱን ሆኖ የተወነው ዕድሜው ወደ 30 የተጠጋ፣ ጸጉሩ የረዘመ፣ ካርሎስ ቪቬስ የሚባል ተዋናይ ነው። ዘፈኖቹንም ሌላ ሰው አላስዘፈነም፤ ራሱ ዘፈናቸው። ድራማው አልቆ ካሜራው ሲጠፋ ሰውየው ከገጸ ባሕሪው አልወጣም ማለት ይቻላል። እነሆ ከ30 ዓመት በላይ ሆነው።

ቪቬስ የቆላ ልጅ ነው። ነሐሴ 7 ቀን 1961 የተወለደባት ሳንታ ማርታ ከካሪቢያን ባሕር ዳር የተቀመጠች፣ ስፔኖች በ1525 የቆረቆሯት አሮጌ ከተማ ናት። ከጀርባዋ በረዶ የለበሰ ተራራ ቆሟል፤ የደቡብ አሜሪካ ነጻ አውጪ ሲሞን ቦሊቫር የሞተውም እዚህችው ከተማ ነው። ካርሎስ 12 ዓመት ሲሆነው ቤተሰቡ ወደ ቦጎታ አመራ። ቦጎታ ከባሕር ወለል 2,600 ሜትር ከፍ ያለች፣ የምትበርድ፣ ኮት የምታስለብስ የደጋ ከተማ ናት። እዚያ የማስታወቂያ ሥራ ተማረ፤ ማታ ማታ በየቡና ቤቱ ሮክ ዘፈነ፤ ከዚያ ቴሌቪዥን አገኘው። በ1986 «ጋይቶ ራሚሬስ» በተባለ ድራማ የሀብታም ልጅ የወደደ ድሃ ቦክሰኛ ሆኖ ሲተውን አገር አወቀው። በዚያው ዘመን ያወጣቸው የፍቅር ዘፈን አልበሞች ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ባይሰሙም የሚቀር ነገር የለም። መልክ ያለው ተዋናይ ሁሉ እንዲዘፍን የሚገፋበት ጊዜ ነበር። ፖርቶ ሪኮ ሄዶም ጥቂት ተወነ። ወደ አገሩ የመለሰው ኤስካሎና ነው።

ድራማው የከፈተለትን በር ለመረዳት ባዬናቶ የተባለውን ሙዚቃ ማወቅ ያሻል። ስሙ ባዬዱፓር ከምትባለው ከተማና ከሸለቆዋ ጋር የተያያዘ ነው። መሣሪያው ሦስት ነው፦ በጉልበት መካከል ተይዛ በእጅ የምትመታ ካሃ የተባለች ትንሽ ከበሮ፣ ጥርስ ጥርስ ወጥቶለት በሽቦ ሹካ የሚፋቅ ጉዋቻራካ የተባለ እንጨት፣ እና በመርከብ የመጣ የጀርመን አኮርዲዮን። ከበሮው ከአፍሪካ፣ እንጨቱ ከነባሩ ሕዝብ፣ አኮርዲዮኑ ከአውሮፓ ይባላል። ማብራሪያው ለቱሪስት የተመቸ ቢሆንም ሐሰት ግን አይደለም። ዘፋኞቹ በአህያና በፈረስ እየዞሩ፣ እኛ ዘንድ አዝማሪ እንደሚያደርገው፣ የደረሱበትን ወሬ ለሚቀጥለው መንደር የሚያደርሱ ነበሩ። የከተማው ጨዋ ደግሞ የከብት ጠባቂ ዘፈን ብሎ ለረጅም ጊዜ ንቆት ኖሯል።

ከእነዚህ ዘፋኞች ሁለቱ ኤሚሊያኖ ሱሌታ እና ሎሬንሶ ሞራሌስ ናቸው። ሳይገናኙ በዝና ይፎካከራሉ፤ አንዱ የሌላውን ስም በዘፈን ያነሳል፣ መልሱ በመንገደኛ አፍ ይመጣል። ሱሌታ ሲናገር እንደኖረው፣ በመጨረሻ ኡሩሚታ በምትባል ከተማ ተገናኝተው ለመጋጠም ተቀጣጠሩ። ሲነጋ ሞራሌስ የለም፤ ገና ጎህ ሳይቀድ መንገድ ጀምሯል። ሱሌታ ይህን ሽሽት በ1938 ዘፈን አደረገው፤ «ላ ጎታ ፍሪያ» ይባላል። ሞራሌስ ታሪኩን በራሱ መንገድ ይተርከዋል፤ እንዲህ ያለ ጠብ አንድ ተራኪ ብቻ ኖሮት አያውቅም። የሆነው ሆኖ ሁለቱ ኋላ ወዳጅ ሆኑ፤ ሁለቱም ከ90 ዓመት በላይ ኖሩ።

ቪቬስ በ1993 «ክላሲኮስ ዴ ላ ፕሮቪንሲያ» የተሰኘውን የነባር ዘፈኖች አልበም ሲያወጣ ያ የስድብ ዘፈን የባሕር ማዶ ሰው ሁሉ የሚጨፍርበት ሆነ። ምን ጨመረበት? ኤሌክትሪክ ጊታርና ድራም። ግን ትልቁ ነገር ያ አይመስለኝም። ጋይታ የተባለውን ዋሽንት ከአኮርዲዮኑ አጠገብ ማስቀመጡ ነው። ጋይታ ከቁልቋል ግንድ ይሠራል፤ ውስጡ ይቦረቦራል፤ ጫፉ ላይ ሰምና የከሰል ዱቄት ተለውሶ ጥቁር ራስ ይበጅለታል፤ በዚያ ራስ ውስጥ የዳክዬ ላባ ዘንግ ይሰካል፤ የሚነፋው በላባው ነው። ጋይታ ወንድና ሴት አለው። ዜማውን የምትመራው ሴቷ ናት፤ ወንዱን የሚነፋው ሰው በአንድ እጁ ይዞት በሌላው ማራካ ያንቀጫቅጫል። ይህ መሣሪያ የሌላ አካባቢ ልጅ ነው፤ በባዬናቶ ድግስ ቦታ አልነበረውም። ቪቬስ ሁለት ጎረቤት ዘመዳሞችን አንድ ማዕድ ላይ አስቀመጠ። በባንዱ፣ በ«ላ ፕሮቪንሲያ»፣ ጋይታውን ስትነፋ ዓለም ያወቃት ማይቴ ሞንቴሮ የምትባል ሴት ናት።

የባዬናቶ ጠበቆች ተቆጡ። ይህ ባዬናቶ አይደለም አሉ። ቁምጣ ጂንስ ለብሶ መድረክ ላይ የሚዘል ባለ ረጅም ጸጉር ተዋናይ ከኤስካሎና ጋር ምን አገናኘው? ቁጣቸው ከንቱ አልነበረም፤ ከቪቬስ በኋላ አኮርዲዮንን ለጌጥ ብቻ የያዙ ብዙዎች መጥተዋል። ቪቬስ ግን አኮርዲዮኑን ለማን እንደሰጠ ማየት ነው። ተቀባዩ ኤሂዲዮ ኩዋድራዶ በ1985 በባዬዱፓር ፌስቲቫል የባዬናቶ ንጉሥ ተብሎ ዘውድ የደፋ ሰው ነው። ጊታሩና ድራሙ በዙሪያው የፈለጉትን ቢሆኑ አኮርዲዮኑ ንቅንቅ አይልም። ቪቬስ ባሕሉን አላዘመነም፤ ከቦጎታ ቡና ቤቶች የያዘውን ሮክ አምጥቶ ከንጉሡ ግርጌ አስቀመጠው። በ2004 ያወጣውን አልበም «የመንደሬ ሮክ» ብሎ መሰየሙም ለዚህ ነው።

ቀሪው የሽልማትና የዝና ዘመን ነው። በ1995 «ላ ቲዬራ ዴል ኦልቪዶ» በራሱ ድርሰቶች ጭምር መቆም እንደሚችል አሳየ፤ ለእኔ ከሥራዎቹ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። በ2001 የወጣው «ዴሃሜ ኤንትራር» ግራሚ አስገኘለት። ከዚያ ለዓመታት ከዓለም ገበያ ራቀና በ2010ዎቹ መጀመሪያ ተመለሰ። በ2016 ከሳንታ ማርታ ጎረቤት ከባራንኪያ ልጅ ከሻኪራ ጋር ስለ ብስክሌት ዘፍኖ የላቲን ግራሚን ሁለት ትልልቅ ሽልማቶች ወሰደ። በ2020 «ኩምቢያና» በተሰኘ አልበም፣ መጽሐፍና ዘጋቢ ፊልም ወደ ማግዳሌና ወንዝ ረግረግ ወርዶ ኩምቢያ የተባለውን ሙዚቃ ሥር ፈለገ። ትወናውንም አልተወም፤ በ2023 ዲዝኒ ፕላስ ላይ በወጣ ተከታታይ ድራማ የሙዚቃ መምህር ሆኗል።

ኩዋድራዶ ጥቅምት 2024 አረፈ። በወሩ የላቲን ሪከርዲንግ አካዳሚ ቪቬስን የዓመቱ ሰው ብሎ አከበረው። ለሙዚቃው አዲስ ከሆኑ መጀመሪያ «ላ ጎታ ፍሪያ»ን በሱሌታ ወይም በሌላ ነባር ዘፋኝ ድምፅ ይስሙት፤ ቀጥለው የ1993ቱን ይክፈቱ። በሁለተኛው ላይ ዘፋኙን ለጊዜው ይተዉትና ጆሮዎን አኮርዲዮኑ ላይ ያሳርፉ።