ሐሰተኛ የቅንጦት ሰዓቶች ከተያዙ በኋላ ምን ይደረጉ?

በጉምሩክ ፍተሻ የሚያዝ ዕቃ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ቀረጥ ሳይከፈልበት የገባ ጨርቅ ተወርሶ በጨረታ ቢሸጥ መንግሥት ያጣውን ገቢ በከፊል ያስመልስበታል። የታወቀ የንግድ ምልክት ያለአግባብ የተለጠፈበት፣ በተለምዶ «ፎርጅድ» የሚባለው የእጅ ሰዓት ግን በዚህ መንገድ ሊስተናገድ አይችልም። ለጨረታ ከቀረበ ሐሰተኛውን ዕቃ የሸጠው መንግሥት ራሱ ይሆናል፤ ገዢውም የጨረታውን ደረሰኝ የእውነተኛነት ማስረጃ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል።

የዓለም ንግድ ድርጅት አባል አገሮች የሚገዙበትና እ.ኤ.አ. በ1995 ሥራ ላይ የዋለው ከንግድ ጋር የተያያዙ የአእምሯዊ ንብረት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 46 እና 59 ለጉዳዩ ምላሽ ይሰጣል። በዚሁ መሠረት ዕቃው ከንግድ መስመር ውጪ ይወገዳል ወይም ይወድማል። ምልክቱን ብቻ ፍቆ መሸጥም ሆነ ዕቃውን እንዳለ ወደ መጣበት መመለስ ከልዩ ሁኔታ በስተቀር አይፈቀድም። ከአንድ ወደብ የተመለሰ ጭነት በሌላ ወደብ ሊገባ ይችላልና።

በአገራችንም የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 መብቱን ሆን ብሎ የጣሰ ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንደሚቀጣ ይደነግጋል። ቅጣቱ እንደአግባቡ ዕቃውን መያዝን፣ መውረስንና ማስወገድን ይጨምራል።

ዕቃውን ለበጎ አድራጎት መስጠት አይሻልም ወይ የሚል ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። ለልብስ ከሆነ ምልክቱ ተነስቶ፣ የመብቱ ባለቤትም ተስማምቶ ለችግረኞች ሊሰጥ ይችላል። በሰዓት ላይ ግን ምልክቱ በፊቱ፣ በመሙያው፣ በጀርባ ክዳኑና በማሰሪያው መቆለፊያ ላይ ስለሚገኝ ይህን ሁሉ ፍቆ የሚተርፈው ዕቃ እምብዛም አይጠቅምም።

ማውደም የማይመለስ እርምጃ በመሆኑ ግን ጥንቃቄ ይሻል። ቀደም ሲል የሰከንድ ቆጣሪዋ አረማመድ ርካሹን ቅጂ ያጋልጥ ነበር፤ ዛሬ በሜካኒካል ሞተር የሚሠሩና ተከታታይ ቁጥር የታተመባቸው ቅጂዎች ስላሉ በዓይን ግምት መወሰን አይቻልም። የአምራቹ ባለሙያ አስተያየት ያስፈልጋል። ዕቃው የተያዘበት ሰውም ሊደመጥ ይገባል።

የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 608/2013 ለዚህ 10 የሥራ ቀናት ይሰጣል። ባለዕቃው በጊዜው ካልተቃወመ እንደተስማማ ሊቆጠርና፣ የመብቱ ባለቤት በጽሑፍ እስካረጋገጠ ድረስ፣ ዕቃው ያለ ፍርድ ቤት ውሳኔ ሊወድም ይችላል። ከተቃወመ ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ያመራል።

ይህም በቀድሞው ደንብ ዘመን በአንድ የዴንማርክ ነዋሪ ላይ ደርሷል። ግለሰቡ እ.ኤ.አ. በ2010 ሮሌክስ የተባለ አንድ ሰዓት ከቻይና የኢንተርኔት መደብር አዝዞ ከሆንግ ኮንግ በፖስታ ሲላክለት ጉምሩክ ያዘው። በሕጋዊ መንገድ ገዝቻለሁ ብሎ ያለ ካሣ እንዲወድም ባለመስማማቱ ክርክሩ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ከዚያም ለኅብረቱ ፍርድ ቤት ተመራ። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. የካቲት 6 ቀን 2014 በሰጠው ውሳኔ፣ ሻጩ ከኅብረቱ ውጪ ቢሆንም በኅብረቱ ውስጥ ላለ ሰው እስከሸጠ ድረስ የምልክቱ ባለቤት ጥበቃ እንደሚያገኝ አረጋገጠ። ለአንዲት ሰዓት አራት ዓመት መፍጀቱ ብዙ ቢመስልም ተቃውሞው ሰሚ ማግኘቱ አይናቅም።

የሰዓት አገር የምትባለው ስዊዘርላንድ በበኩሏ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 ቀን 2008 ጀምሮ መንገደኛ ለግል መገልገያው ያመጣውን ሐሰተኛ ዕቃ ጭምር ትይዛለች። ባለቤቱ በወንጀል አይቀጣም፤ ሰዓቱን ግን ያጣል።

አወጋገዱን በተመለከተ በአሜሪካ ፊላደልፊያ እ.ኤ.አ. በ2010 ወደ 7 ሺህ የሚጠጉ ሐሰተኛ የሮሌክስ ሰዓቶች በመንገድ መዳመጫ ማሽን ተጨፍልቀዋል። ትዕይንቱ ለካሜራ ያመቻል፤ ይሁን እንጂ ባትሪዎቹ አስቀድመው ካልወጡ ኬሚካላቸው አካባቢን ይበክላል። ባትሪውን ለይቶ ብረቱን ማቅለጥ የተሻለ ነው። ከዚያ በፊት ለማስረጃ ናሙና ማስቀረት፣ ቀሪውንም ከመጋዘን ሲወጣና ከመጨፍለቁ በፊት ቆጥሮ በቃለ ጉባኤ መፈራረም ያስፈልጋል። በኪስ የሚያዝ ዕቃ በመንገድ ላይ መጉደል ይቀናዋል። ወጪውን በተመለከተ በአውሮፓ ኅብረት ጉምሩክ የማከማቻና የማውደሚያ ወጪውን የመብቱ ባለቤት እንዲተካለት መጠየቅ ይችላል።